ሁለት ፒያኖ በአንድ ሸክላ፦ የፌራንቴና የታይቸር ሥራ ሲመረመር

በክላሲካል ሙዚቃ ትምህርት ተኮትኩቶ ያደገ ፒያኒስት ፊቱን ወደ ተወዳጅ የፊልምና የመድረክ ዜማዎች ያዞረ እንደሆነ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይጠብቀዋል። አንዱ ወገን «የተማረውን ጥበብ ለገበያ አዋለው» ብሎ ያዝንበታል፤ ሌላው ወገን «ከጥቂቶች እልፍኝ ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ ደረሰ» ብሎ ያመሰግነዋል። ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ጉዳይ ይስማማሉ። ይኸውም ሁለቱም የሚመዝኑት ፒያኒስቱ የመረጠውን ዜማ እንጂ በመረጠው ዜማ ላይ የሠራውን ሥራ አይደለም።

አሜሪካውያኑ ፒያኒስቶች አርተር ፌራንቴና ሉ ታይቸር ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱ ከ1947 እስከ 1989 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለት ግራንድ ፒያኖዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው 150 ያህል አልበሞች ቀርጸዋል፤ ከ5000 በላይ በሆኑ ኮንሰርቶችም ላይ ቀርበዋል። በ1960ዎቹ ሸክላቸው በየሱቁ ሞልቶ ነበር፤ ዜማቸውም ከየሬዲዮው ይሰማ ነበር። ሥራቸውን በጥሞና ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ግን «ክላሲካል ወይስ ተወዳጅ ዜማ» የሚለውን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን ቢያደርገው ይበጀዋል። ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለና። ሁለት ፒያኖ ከአንድ ፒያኖ በምን ይበልጣል?

ጥያቄው ሲታይ የዋህ ይመስላል። አንድ ፒያኖ ብቻውን 88 ቁልፎች አሉት፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የድምፅ ስፋት አጠቃሎ የያዘ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ከክራር ጋር ሲገናኝ አንዱ ለሌላው የሚያዋጣው የራሱ የሆነ ድምፅ አለው፤ ዋሽንትና ከበሮም እንዲሁ። ፒያኖ ለፒያኖ ግን በድምፅ ዓይነት የሚጨምርለት ነገር የለም። ሁለተኛው መሣሪያ የሚያመጣው አዲስ ነገር ድምፅ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ሞዛርት በ1781 ለሁለት ፒያኖ የጻፈው በዲ ሜጀር የተቃኘ ሶናታ ይህን በሚገባ ያሳያል። ሶናታውን ከተማሪው ከዮዜፋ አውርንሃመር ጋር ሊጫወተው ሲጽፈው ለራሱ የጌታውን፣ ለተማሪው የአጃቢውን ድርሻ አልሰጠም። አንዱ የጀመረውን ሐረግ ሌላው ይቀበለዋል፤ ተቀብሎም ጥቂት ለውጦ ይመልሰዋል። አድማጩ የሚሰማው ሃያ ጣት የሚያሰማውን የድምፅ ብዛት ሳይሆን የሁለት አእምሮ ውይይት ነው። ራክማኒኖፍ በ1901 ባጠናቀቀው ሁለተኛ ስዊት ድምፁን እጅግ አበልጽጎታል፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ብልጽግና ውስጥ እንኳ ማን እንደተናገረና ማን እንደመለሰ ይለያል።

ለሁለት ፒያኖ የሚጻፍ ሙዚቃ ከተወዳጅ ዜማ ጋር ያለው ዝምድናም የቆየ ነው። ገርሽዊን በ1924 «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» የተባለውን ሥራ መጀመሪያ ያሰፈረው በሁለት ፒያኖ ጽሑፍ ሲሆን፣ ለጃዝ ኦርኬስትራ ያቀናበረው ፈርዲ ግሮፌ ነው። በመሆኑም የጎዳናው ምትና የኮንሰርት አዳራሹ ስልት በሁለት ፒያኖ ላይ ሲገናኙ ፌራንቴና ታይቸር የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ይህን ያልተገነዘበ ወቀሳ ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለት ፒያኒስቶች አብረው መጫወታቸው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ከባዱ ሥራ ግን አብሮ መጀመር ነው። ማሲንቆ መቺ ወደ ድምፁ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ሊገባ ይችላል፤ ዋሽንት ነፊም ትንፋሹን አለስልሶ ሊጀምር ይችላል። የፒያኖ መዶሻ ግን አውታሩን የሚመታው በአንዲት ቅጽበት ነው። አንደኛው ከሌላው ለዓይን ጥቅሻ ያህል የዘገየ እንደሆነ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች ጎባጣ ጎናቸው እርስ በርስ ገጥሞ፣ ተጫዋቾቹ በሁለቱ ዳር ፊት ለፊት የሚተያዩበት የተለመደው አቀማመጥ ከዚህ ችግር የመጣ ነው። አንዱ የሌላውን ትከሻና ትንፋሽ ማየት አለበት። በዚህ ረገድ ፌራንቴና ታይቸር ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። አብሮ መምታትን እንደ እነርሱ ያለፋ ቡድን ጥቂት ነው።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ1921 በኒው ዮርክ የተወለደው ፌራንቴና በ1924 በፔንሲልቬንያ በዊልክስ ባሪ ከተማ የተወለደው ታይቸር የተገናኙት ገና ልጆች ሳሉ በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ያኔ አንዱ ዘጠኝ፣ ሌላው ስድስት ዓመቱ ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት አብረው አደጉ፤ ተመረቁ፤ በኋላም እዚያው አስተማሩ። በ1947 ማስተማሩን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለኮንሰርት ሲሰጡ አብረው መጫወት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ለአብሮ መጫወት ያላቸው ብስለት እንግዲህ በልምምድ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ አብሯቸው ያደገ ነው።

የቡድኑ እጅግ አስደናቂ ሥራዎች የተሠሩት ብዙው አድማጭ ስማቸውን ሳያውቅ በፊት ነው። በ1950ዎቹ ባሳተሟቸው ሸክላዎች፣ በተለይም በ1956 በወጣውና «ሳውንድፕሩፍ» በተባለው፣ እንዲሁም በ1959 በወጣው «ብላስት ኦፍ» ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ፒያኖውን ከፍተው ሆዱን መመርመር ያዙ። በአውታሮቹ መካከል ወረቀት፣ ላስቲክ፣ የእንጨት ቁራጭ፣ የብረት ዘንግ፣ ሰንሰለት፣ መስታወት አስገቡ። አውታሮቹን በጣት ቆነጠሩ፤ በመዳፍ አፈኑ፤ በበትር መቱ። ፒያኖው አንዳንድ ጊዜ እንደ ከበሮ፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ደወል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስም እንዳልወጣለት መሣሪያ ይጮኽ ጀመር።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊመስል አይገባም። በበገና ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት፣ እንዚራ የሚባሉት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቆዳው ባይኖር የበገና አውታር እንደ ማንኛውም ጅማት ንጹሕ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል፤ ቆዳው ሲገባ ግን ያ የታወቀው ጥልቅና የሚያንዠረግግ ድምፅ ይወለዳል። አውታርን በባዕድ ነገር ነክቶ ድምፁን መለወጥ እንግዲህ ዘመናውያን የፈለሰፉት አይደለም። በምዕራቡ ሙዚቃ ውስጥ ይህን ዘዴ በፒያኖ ላይ ሥርዓት ያስያዘው አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ነው። እርሱ በ1940 አካባቢ ለዳንስ ትርኢት በጻፈው ሙዚቃ ጀምሮ፣ ከ1946 እስከ 1948 በጻፋቸው «ሶናታዎችና ኢንተርሉዶች» ዘዴውን ወደ ፍጹምነት አድርሶታል። የኬጅ ሙዚቃ ግን ዝምታን የሚያፈቅር፣ ከአድማጩ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙዚቃ ነው። ፌራንቴና ታይቸር ይህንኑ ዘዴ ወስደው ማንም በሚያውቃቸው የብሮድዌይና የላቲን አሜሪካ ዜማዎች ላይ አዋሉት።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ወገን ወቀሳ የሚፈርሰው። በ«ሳውንድፕሩፍ» ላይ የሚሰማው ተወዳጅ ዜማ ነው፤ ነገር ግን አድማጩ ዜማውን ስላወቀው ብቻ ጆሮው አይተኛም። እንዲያውም ማወቁ ያነቃዋል። የታወቀው ሐረግ ከአንደኛው ፒያኖ በንጹሕ ድምፅ ይጀምርና ሁለተኛው በታፈነና በተሰነጠቀ ድምፅ ይመልስለታል። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ቀርቶ ሁለት ፍጡራን ይሆናሉ። ከላይ «ፒያኖ ለፒያኖ በድምፅ ዓይነት የሚጨምርለት ነገር የለም» የተባለው እዚህ ላይ ሐሰት ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱ ወጣቶች ያንን ጉድለት በወረቀትና በሰንሰለት ሞልተውታልና። ለክላሲካሉ ትምህርታቸው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የተማሩትን ያወቁበት፣ አውቀውም የተጫወቱበት ዘመን ይህ ነው።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሸክላዎች እንከን የለባቸውም ማለት አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ «ሃይ ፋይ» የተባለው የድምፅ ማጫወቻ መሣሪያ ፋሽን ሆኖ ነበር። አዲሱን መሣሪያ የገዛ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያስደንቅበት ሸክላ ይፈልግ ነበር፤ አሳታሚዎችም ይህን ፍላጎት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በአንዳንዱ ቅንብር ውስጥ ድምፁ የሚሰማው ሙዚቃው ስለጠየቀው ሳይሆን ማጫወቻው ይችል እንደሆነ ለመፈተን ነው። ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ሲንኳኳ ያስደንቃል፤ አምስተኛ ጊዜ ሲደገም ግን የልጅ መጫወቻ ይሆናል። ቢሆንም ከጨዋታ የመጣ ስሕተት ከስንፍና ከመጣው ይሻላል። በእነዚህ አልበሞች ላይ ያለው ስሕተት ሁሉ የሚሞክር ሰው ስሕተት ነው።

የቡድኑ ታሪክ የተለወጠው በ1960 ነው። አቀናባሪውና ፕሮዲውሰሩ ዶን ኮስታ ሁለቱን ሰዎች ወደ ዩናይትድ አርቲስትስ ሸክላ አሳታሚ ወሰዳቸው። አሳታሚው የተቋቋመው በ1957 ሲሆን፣ ባለቤቱ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው የፊልም ድርጅት ነበር። ይህ ዝምድና ብዙ ነገር ያብራራል። ፌራንቴና ታይቸር በቢልቦርድ መጽሔት የተወዳጅ ሸክላዎች ዝርዝር ላይ እስከ አሥረኛው ደረጃ ባለው ክፍል የገቡባቸው አራት ሥራዎች አሉ። እነርሱም በ1960 አሥረኛ የሆነው የ«ዘ አፓርትመንት» ዜማ፣ በ1961 ሁለተኛ የሆነው «ኤክሶደስ»፣ በዚያው ዓመት ስምንተኛ የሆነው የ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» መዝሙር «ቱናይት»፣ በመጨረሻም በ1969 ተቀርጾ አሥረኛ የደረሰው «ሚድናይት ካውቦይ» ናቸው። አራቱም ፊልሞች በዩናይትድ አርቲስትስ የተከፋፈሉ ናቸው። አንድም እንኳ ከሌላ ድርጅት ፊልም የተወሰደ የለም።

ይህን ያጤነ ሰው «ሁለቱ ፒያኒስቶች ጣዕማቸው ተበላሸ» ብሎ መደምደም ይከብደዋል። የተለወጠው ጣዕማቸው ሳይሆን የሥራቸው ዓላማ ነው። ቀድሞ ሸክላው ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ከ1960 ወዲህ ግን ሸክላው ከፊልሙ ፊት የሚሄድ እንቢልታ ነፊ ሆነ። የእንቢልታ ነፊ ሥራ ደግሞ የጌታውን ስም በግልጽ ማሰማት እንጂ በስሙ መቀኘት አይደለም። ሲኒማ ቤት ገብቶ የወጣው ሰው ዜማውን በአንድ ጊዜ ማወቅ አለበት፤ ገና ያልገባው ደግሞ ዜማውን ሰምቶ መግባት አለበት። እንዲህ ላለው ተግባር የታፈነ አውታርና የሚንኳኳ ሰንሰለት አይስማሙም።

«ኤክሶደስ» ለዚህ ዋናው ማስረጃ ነው። ርዕሱ «ዘፀአት» ማለት ሲሆን፣ በ1960 ኦቶ ፕሬሚንገር ከሊዮን ዩሪስ ልብ ወለድ ያዘጋጀው ፊልም ዜማ ነው፤ ደራሲው ኧርነስት ጎልድ ለፊልሙ በጻፈው ሙዚቃ የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። ዜማው ሰፊ እርምጃ ያለው፣ ሽቅብ የሚወጣ፣ በወጣ ቁጥር የሚከብድ ነው። ፌራንቴና ታይቸር ይህን ዜማ በኦክታቭና በሙሉ ኮርድ አንሥተው በኦርኬስትራ መሰንቆዎች ላይ ያስቀምጡታል። በሐረጎቹ መካከል የሚገኘውን ክፍተት ሁሉ ከታች ወደ ላይ በሚተሙ ጣቶች ይሞሉታል። አድማጭ ግርማ ይሰማዋል፤ ግርማውም ሐሰተኛ አይደለም። ሁለት የሠለጠኑ እጆች በሙሉ ክብደታቸው ሲወርዱ፣ ከዚያም አንድም ድምፅ ሳይዛነፍ ሲነሡ መስማት በራሱ ደስ ያሰኛል። የ1961 አድማጭ ይህን ሸክላ መውደዱ ሊነቀፍበት አይገባም።

ነገር ግን በዚህ ቅንብር ውስጥ ሁለተኛው ፒያኖ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ይዞ ያዳመጠ ሰው መልሱ ያሳዝነዋል። ሁለተኛው ፒያኖ የመጀመሪያው የተናገረውን ያጸናል። አንዱ ዜማውን ሲመታ ሌላው ያንኑ ዜማ አወፍሮ ይመታል፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ከሥሩ ኮርድ ያነጥፍለታል። የሚጠይቅ የለም፤ የሚመልስም የለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ድምፅ «እሺ» ይላሉ። የኦርኬስትራው መሰንቆዎችም ገብተው ሦስተኛ «እሺ» ይሆናሉ።

ለዚህ ጉድለት የሸክላው ዓይነት ራሱ ድርሻ አለው። ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የቀረበው በ1958 ነበር። በረጅሙ የስቴሪዮ ሸክላ ላይ አንዱ ፒያኖ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይሰማል፤ ስለዚህ ቅንብሩ ደካማ እንኳ ቢሆን የሁለት ሰዎች መኖር ይታወቃል። በሬዲዮ የሚዘወተረውና በርካሽ የሚሸጠው ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ግን በዚያ ዘመን በአብዛኛው ሞኖ ነበር። ሁለቱ ፒያኖዎች በአንዲት ጠባብ በር አብረው ይወጣሉ። በዚያ ሸክላ ላይ ቀጭን የድምፅ ልዩነት አይተርፍም፤ የሚተርፈው ክብደት ነው። የሁለት ፒያኖ ቅንብር ለዚያ በር ሲባል እየከበደና እየቀለለ ሄደ፤ በድምፅ ከበደ፣ በሐሳብ ቀለለ። ስሙ በሸክላው ላይ ባይጻፍ ብዙው አድማጭ የሰማው አንድ ትልቅ ፒያኖ እንደሆነ ይምል ነበር።

ንጽጽሩን የሚያጠነክር ሌላ ሸክላ አለ። ያንኑ የ«ኤክሶደስ»ን ዜማ የቺካጎው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ኤዲ ሃሪስ በዚያው በ1961 አሳትሞታል፤ እርሱም በገበያ እጅግ ተሳክቶለታል። ሃሪስ ግን ዜማውን አላከበደውም። በቴነር ሳክስፎኑ ከፍተኛ ክፍል ላይ ወጥቶ፣ በቀጭንና በለሰለሰ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሰው አድርጎ ይጫወተዋል፤ ዜማው ካለቀ በኋላም የራሱን ሐሳብ ይጨምርበታል። ዜማው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ገዢውም ያው ብዙኃኑ ነው። ልዩነቱ ሃሪስ በዜማው ላይ የሚናገረው ነገር መኖሩ ነው። እንግዲህ «ገበያው ይህን ስለሚፈልግ ነው» የሚለው ሰበብ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ገበያው የሃሪስንም ወዷልና።

ሁሉም የዩናይትድ አርቲስትስ ሥራዎች አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊልያምስ የደረሰው የ«ዘ አፓርትመንት» ዜማ ከ«ኤክሶደስ» ይልቅ ልከኛ ነው። ዜማው ለዚያ ፊልም የተጻፈ እንኳ አይደለም፤ ከ1949 አንድ የእንግሊዝ ፊልም የተወሰደ ነው። ሁለቱ ፒያኒስቶች በዚህ ሥራ የሐረጎቹን ጫፍ በእርጋታ ያሳርፋሉ፤ ዜማው የሚጠይቀውን ትካዜ ይሰጡታል። የጁሊያርድ ጣት እዚህ ላይ ጠቅሟል። በ«ቱናይት» ላይ የሌናርድ በርንስታይን ዜማ ራሱ እየተለዋወጠ ስለሚሄድ ቅንብሩን ከድግግሞሽ ያድነዋል። ቀሪውን ትልቁን የአልበም ክምችት በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በየዓመቱ ከወጡት ፊልሞች የተለቀሙ ዜማዎች በአንድ መልክ እየተቀናበሩ የተደረደሩበት ነው፤ አሥሩን የሰማ መቶውን ሰምቷል።

«ሚድናይት ካውቦይ» ግን ተለይቶ መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም ሳይታሰብ የቡድኑን ታሪክ ሁሉ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያሳያል። የጆን ባሪ ዜማ ብቸኝነት የሚሰማበት ዜማ ነው። በዚህ ሸክላ ላይ አድማጩን መጀመሪያ የሚይዘው ፒያኖው አይደለም፤ የጊታር ተጫዋቹ የቪኒ ቤል ጊታር ነው። ቤል በኤሌክትሪክ ጊታሩ ላይ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል፣ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ያምራል፤ ለዜማውም ተስማምቶታል። ነገር ግን በ1956 ስም የሌለው ድምፅ ከገዛ ፒያኖአቸው ሆድ ያወጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ በ1969 አዲሱን ድምፅ ከእንግዳ ተበድረው ራሳቸው ከኋላ ሆነው ኮርድ ሲያነጥፉለት መስማት አሳዛኝ ነው። ሰንሰለቱና ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ መጣ።

በመድረክ ላይ ሁኔታው ይለይ ነበር። ፌራንቴና ታይቸር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ትልልቅ መነጽር አድርገው እንደ መንትያ ወንድማማቾች ይቀርቡ ነበር፤ በቀልድ እየተፎካከሩ ተመልካቹን ያሥቁት ነበር። አንዳንድ ጥብቅ ሐያሲ ይህን ቀልድ እንደ ሰርከስ ይቆጥረዋል። ሆኖም በቀልዱ ውስጥ ሸክላው የጣለው ነገር ተርፎ ነበር። ሰው የሚቀልደው ከሌላ ሰው ጋር ነው። አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲይዘው፣ አንዱ ሲያሾፍ ሌላው ሲመልስ ተመልካቹ በዓይኑ ያይ ነበር። ሸክላ ይህን ማስተላለፍ አይችልም የሚል ካለ የ1950ዎቹን ሸክላዎች ደግሞ ያዳምጥ።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ፈረንሳውያኑ እኅትማማቾች ካቲያና ማሪየል ላቤክ በ1980ዎቹ መግቢያ «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ን በሁለት ፒያኖ ቀርጸው ብዙ ሸክላ ሸጠዋል። እነርሱም በክላሲካል ትምህርት ያደጉ፣ እነርሱም ወደ ጃዝና ወደ ራግታይም የዘለቁ ናቸው። ሥራቸውን የሚያዳምጥ ሰው አንደኛዋ እኅት ምቱን ወደፊት ስትገፋ ሌላዋ ወደኋላ ስትይዘው ይሰማል፤ አንዳንዴ ፍጥነቱ ከልክ ያልፋል፤ ድምፁም ይሾላል። ሆኖም የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ እስከ መጨረሻው አይቋረጥም። እርግጥ ላቤኮች የያዙት ከመጀመሪያው ለሁለት ፒያኖ የተጻፈ ሥራ ነው። ፌራንቴና ታይቸር የያዙት ደግሞ ለኦርኬስትራ የተጻፈ የፊልም ዜማ ነበር፤ ውይይቱን ራሳቸው ሊፈጥሩለት ይገባ ነበር። እንደሚችሉ ደግሞ አስቀድመው አሳይተው ነበር።

ሁለቱ በ1989 ከመድረክ ተሰናበቱ። ሁለቱም ወደ ፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ሄደው ተጎራብተው ኖሩ። ታይቸር በ2008 ሲያርፍ 83 ዓመቱ ነበር፤ ፌራንቴ በ2009 በተወለደ በ88 ዓመቱ፣ በፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ልክ ኖሮ ተከተለው። በጡረታ ዘመናቸው አልፎ አልፎ በሚኖሩበት አካባቢ ወደሚገኝ የፒያኖ መሸጫ ሱቅ እየሄዱ አብረው ይጫወቱ ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ ኦርኬስትራ አልነበረም፤ የሚያስተዋውቁት ፊልምም አልነበረም። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ፒያኖዎችና ከስድስትና ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።